የሱሉልታዋ መርከብ

እናቴ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዛ ኖራለች። መልሱን ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ባላመጣህላት ይሻል ነበር የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ እኔም አንዳንድ ቀን እንደዚያ እላለሁ። እንደሆነው ልንገራችሁና ፍርዱ የእናንተ ይሁን።

ቡራዩ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የቲቪ ማስቀመጫ እሠራለሁ። አባቴን አላውቀውም ነበር። ባሕረኛ ነው። ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ መርከቦቹ ከአሰብ ተነስተው ወደ የመን ሲሸሹ፣ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ቤታችን ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ቆቡን ግንባሩ ላይ ደፍቶ፣ ከኋላው ባሕር ይታያል። ስሙ በላቸው ነው። እናቴ አስካለ ፎቶውን በየሳምንቱ ትወለውላለች እንጂ ስለ ሰውየው ብዙ አታወራም። ልጅ ሆኜ ስጠይቃት "ባሕር ሄዷል" ትለኝ ነበር፤ ገበያ ሄዷል እንደሚባለው።

ለቅሶ አልተቀመጠችም። ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ፣ ምን ብላ ትቀመጥ? ዘመዶቿ አልቅሺና ይውጣልሽ ብለው ለምነዋት ነበር አሉ፤ አሻፈረኝ አለች። ሊያገቧት ሽማግሌ የላኩም ነበሩ፤ እነሱንም መለሰች። ትልቁ ጭንቋ ግን ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ስሙን ከሕያዋን ጋር ታስጠራው ወይስ ከሙታን ጋር፣ አታውቅም። ሞቶ ከሆነ ፍትሐት ይገባዋል፤ ይህን ሁሉ ዘመን ነፍሱን ጸሎት ነፍጋዋለች ማለት ነው። በሕይወት ካለ ደግሞ በቁሙ ፍትሐት ማስደረግ ኃጢአት ነው። ሁለቱንም ፈርታ "የበላቸውን ነገር አንተ ታውቃለህ" ብቻ ብላ ትመለሳለች።

አምና ክረምቱ ሲወጣ ልቧ ደከመ። እግሯ አበጠ፣ ከቤት እስከ ዋናው መንገድ መሄድ አቃታት። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣት፣ ጨው ከለከላት፣ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ብዙ ተስፋ እንዳላደርግ ነገረኝ። ቤት ስንደርስ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለችና፣

"ሳልሞት ቁርጡን ልወቅ" አለችኝ። "እዚያ ሄጄ ከሙታን መሀል ፈልጌ ባጣው ምን ይውጠኛል?"

እኔ ከየት አባቴ ላምጣው? እሺ እማዬ ብዬ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን ከሱሉልታ መጥቶ ቁም ሳጥን ያዘዘ አንድ ደንበኛ፣ ጣውላ ስቆርጥ ቆሞ እያየ ስለ ጎረቤቱ አወራኝ። ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የድሮ ባሕረኛ ናቸው። ላም ያረባሉ፣ ወተት ይሸጣሉ፣ በተረፈው ጊዜ የጦር መርከብ ይሠራሉ። ከእንጨትና ከቆርቆሮ። መርከቧ ላይ ደግሞ ትንንሽ ሰዎች አሉ፤ እንዲሁ ሰው አይደሉም፣ አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው አለኝ። ማታ ለእናቴ ስነግራት ከተጋደመችበት ተነስታ ተቀመጠች። ሂድና ጠይቃቸው፣ አባትህን ሠርተውት እንደሆነ እይ አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዤ እንጦጦን ተሻገርኩ። የሱሉልታ ብርድ የታወቀ ነው፤ ጃኬት ሳልይዝ ሄጄ ተቀጣሁ። የኦቦ ገመቹ ግቢ ከሜዳው ዳር ነው። እሳቸው ረጅም፣ ቀጭን፣ ላስቲክ ቦቲ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው።

"አካም ጅርታ" አሉኝ፤ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው። ነጋ፣ ደህና ነኝ አልኳቸው። መርከቧን ለማየት እንደመጣሁ ስነግራቸው ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቁ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ሰው መርከባቸውን ሊያይላቸው ሲመጣ ደስ ይላቸዋል መሰለኝ።

ድሮ ድርቆሽ ይከመርበት የነበረ ቤት ነው። መርከቧ ሁለት የእንጨት መደገፊያ ፈረስ ላይ ተጋድማለች፤ ርዝመቷ ከአንድ አልጋ ይበልጣል። እኔ እንጨት ሠሪ ነኝ፤ ዓይኔ ቶሎ የሚያየው መገጣጠሚያውን ነው። አጥንቷ ጥድ ነው። ላይዋ በዘይት ቆርቆሮ ተለብጦ ግራጫ ተቀብቷል፣ ምስማሩ አይታይም። የመድፎቹ አፈሙዝ የእስክሪብቶ ቀፎ ነው። ራዳሯን ከሻይ ማጥለያ ሠርተዋታል። የዳር መከላከያው ገመድ የጫማ ሰፊ ክር ነው፣ በስፒል ተወጥሯል። ፕላን ከየት አገኙ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ፕላን የለም" አሉ። "ሌሊት ዘብ ስቆም ላይዋ ላይ ስሄድ ስመለስ ነው የኖርኩት። አንዱን እርምጃ አንድ ጣት አደረግኩት፤ በቃ።"

ከዚያ ወሬያቸው አላቆመም። ሲቀጠሩ ከውኃ የሚያውቁት ክረምት ክረምት እዚህ ሜዳ ላይ የሚተኛውን ብቻ ነው። መጀመሪያ መርከብ ላይ የወጡ ሰሞን አንጀታቸው እስኪወጣ አስመለሱ፤ የወሎው ልጅ፣ የጎጃሙ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ባልዲ ተሻምተው ነበር። ምጽዋ ላይ ብረቱ ቀን ሲግል ውሎ ማታ ማታ ከውስጥ መተኛት አይቻልም፤ ሁሉም ምንጣፉን ተሸክሞ ላይ ወጥቶ ይተኛል፣ ሲነጋ በጤዛ ርሰው ይነሳሉ። የናፍጣው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫቸው ውስጥ አለ፤ በዚህ መንገድ ከባድ መኪና ሲያልፍ ቆመው ያሸታሉ፣ ሚስታቸው ትስቅባቸዋለች። የመጨረሻውን ጉዞ ሲያወሩ ግን ድምፃቸው ወረደ። ከአሰብ ሲወጡ መርከቧ ላይ ባሕረኛው፣ እግረኛው፣ ቁስለኛው ተደራርቦ እግር ማስቀመጫ አልነበረም። ውኃ አለቀ። የመን ደርሰው መሣሪያ አስረክበው ወረዱ፤ እሷን እዚያው አስረው ትተዋት ተበተኑ። ከዓመታት በኋላ ለብረት ተቆራርጣ ተሸጠች የሚል ወሬ ሰሙ።

"የዚያን ዕለት ነው ጥዱን የቆረጥኩት" አሉኝ።

ሰዎቹ ከወይራ የተጠረቡ ናቸው፤ ቁመታቸው ትንሿን ጣት ቢያክል ነው። ሁሉም ነጭ ተቀብተዋል፣ እያንዳንዱ በሥራ ቦታው ቆሟል። አንዱ ከመድፉ ኋላ፣ አንዱ ከመሪው፣ አንዱ ባንዲራው ሥር። ላይ የቆሙት ግን ለእንዲህ ያለች መርከብ ያነሱ መሰለኝ። ሌሎቹስ አልኳቸው። ኦቦ ገመቹ ላይኛውን ወለል እንደ ሳጥን ክዳን በሁለት እጃቸው አነሱት። ከሥሩ ጥጥ ተነጥፏል። ነጫጭ ሰዎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል።

"አንዱ ሲያርፍ ይደወልልኛል" አሉ። "ከቆመበት አንስቼ አወርደዋለሁ። ላይ ያለው ያለ ነው፤ ታች ያለው የሌለ ነው።"

ያን ጊዜ ነው የመጣሁበትን ያወጣሁት። በላቸው የሚባል ነበረ ወይ አልኳቸው፤ እያልኩም ጎንበስ ብዬ ጥጡ ላይ የተጋደሙትን ማየት ጀመርኩ። ሌላ ቦታ ማየት ትዝም አላለኝ። ሽማግሌው ትከሻዬን ያዙኝ።

"እዚያ ምን ትፈልጋለህ?" አሉ። ክዳኑን መልሰው ገጠሙና ወደ መርከቧ አፍንጫ ጠቆሙኝ። አንድ ሰው በሰንሰለት ላይ ጎንበስ ብሏል። "የመልሕቁ በላቸው ይኸውልህ።"

"ያን ጊዜ የቆመበት ነው?"

"አዎ፣ ሥራው እዚያ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ ሰበታ ነው።"

ምን ተሰማህ ብትሉኝ ምንም። እጄ መርከቧን ተደግፎ ነበር፤ ቆርቆሮው እንደሚቀዘቅዝ ተሰማኝ፣ ሌላ የለም። ልጁ ነኝ አልኳቸው። እሳቸው መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩት፣ ደጋግመው አዩት፣ ሳቃቸውን ተዉት። እዚያው ግንድ ላይ ቁጭ አሉና "ታኢ፣ ታኢ" እያሉ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ሚስትም ልጅም የለኝም ነው የሚለን" አሉ። "ስንት ዓመት ስንደዋወል። አንድ ቀን እንኳን..."

ባለቤታቸው ወተት አመጡ። ጠጣሁት፣ ደገሙልኝ፣ እሱንም ጠጣሁት። ኦቦ ገመቹ ልደውልለትና ላዘጋጀው ቢሉኝ እንዳይደውሉ ለመንኳቸው። በጥበቃ የሚሠራበትን ፋብሪካ አስረዱኝና ተነሳሁ።

ቤት አልገባሁም። በአየር ጤና፣ በዓለም ገና አድርጌ ሰበታ ስደርስ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። በሩ ላይ ብዙ አልተቸገርኩም። ፈረቃ እየተቀያየረ ነበር፤ ከደቡብ የመጡ ልጃገረዶች ቦርሳቸውን ከፍተው እያስፈተሹ "ደህና እደሩ አባባ በላቸው" እያሉ ይወጣሉ። አባባ በላቸው ካፖርት የለበሱ፣ ጠጉራቸው የነጣ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። የእኔን ጆሮ አየሁባቸው። ጆሮዬን ሁሌ ከማን ወሰድኩት እል ነበር።

ልጆቹ እስኪያልቁ ጠበቅኩና ጠጋ አልኩ። ማንን ነው የምትፈልገው አሉኝ።

"አስካለን ያውቋታል?" አልኳቸው። ሌላ ነገር ተለማምጄ ነበር፤ የወጣው ይሄ ነው።

በሩን ገፍተው ዘጉ፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ ጠምጥመው አሰሩት፣ ከዚያ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። አባቴን አንተ ልበል አንቱ ልበል አላውቅም ነበር፤ ሽማግሌ ናቸውና አንቱ አልኩ፣ እሳቸውም ይህን አላረሙኝም። ለምን አልመጡም አልኳቸው።

"ልመጣ ነበር" አሉ። "ከየመን የተመለስኩ ጊዜ ልመጣ ነበር። ልብሴ ጨርቅ ነው። ጫማ የለኝም። ቅማል አለብኝ። ነጭ ለብሼ ከቤቷ የወጣሁ ሰውዬ እንዲህ ሆኜ ልግባ? ትንሽ ሠርቼ፣ ልብስ ገዝቼ እሄዳለሁ አልኩ። ልብሱን ስገዛ ዓመት አለፈ። ዓመት ሙሉ አገር ውስጥ ሆነህ የት ነበርክ ብትለኝ ምን እላለሁ? ስለዚህ አንድ ዓመት ጨመርኩ። እየቆየ ሲሄድ የሚቀልል መስሎኝ ነበር።"

"ሌላ ቤት ሠርተው ነው?"

"ምን ቤት አለኝ። ብቻዬን ነኝ።"

ሌላ ሚስት፣ ሌላ ልጆች አሉኝ ቢሉኝ የምናደድበት ነገር አገኝ ነበር። ምንም የለም። ጫማ አልነበረውም፤ ከዚያ አፈረ፤ ከዚያ እኔ ጢም አበቀልኩ። በቃ ይሄው ነው። እናቴ መታመሟን፣ ለምን እንደላከችኝ፣ የጸሎቱን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ።

"ምን ልበላት?" አልኳቸው።

"ሞቷል በላት።"

"ፍትሐት ታስደርግብዎታለች።"

"ታስደርገው። እኔን ምን ይጎዳኛል?" አሉ። ከዚያ "ሥራህ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"እንጨት ሥራ።"

"ጥሩ ነው" አሉ። ስልክ ቁጥር ተለዋውጠን ተለያየን።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ቡራዩ እስክደርስ "ሞቷል" ማለት ስለማመድ መጣሁ። ቀላል ነው፤ ለሁሉም የሚበጅ እሱ ነው። እናቴ ታርፋለች፣ ሰውየውም ያርፋል። በሩን ከፍቼ ስገባ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

"አለ" አልኳት።

ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁሉንም ነገርኳት። ሰበታን፣ በሩን፣ ጫማውን። አላለቀሰችም። ስጨርስ፣

"ጫማ ስላልነበረው ነው?" አለች።

"አዎ።"

"እኔ እግሩን ማጠብ ያቅተኝ ነበር?"

መድኃኒቷን ሰጠኋት፣ ዋጠች፣ ተኛች። በማግስቱ ጠዋት የእድራችንን ሊቀመንበር ጥራልኝ አለችኝ፤ ድንኳን ሊተከል ነው። እማዬ ሰውየው በሕይወት አለ እኮ አልኳት። አውቃለሁ አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ያልወጣልኝ ለቅሶ አለ፣ እሱን አልቅሼ ልረፍ፤ አንተ ዝም ብለህ አግዳሚ አውርድ።

የእድሩ ሰው ምን ይጠይቃል? የአስካለ ባል ቁርጡ ተሰማ ሲባል አገሩ ሁሉ ሲጠብቀው የኖረ መርዶ ነው። ድንኳኑ ተተከለ። እናቴ ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳ፣ ፎቶውን ከጎኗ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ጮኸች። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሷ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ልቧን ፈርቼ ሄጄ ያዝኳት፣ በክርኗ ገፋችኝ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ አብሯት አለቀሰ። እኔ ንፍሮ አዞርኩ፣ ውኃ ቀዳሁ፣ የሚመጣውን ተቀበልኩ። ሰው ሁሉ አይዞህ፣ አልቅስ እንጂ ይለኛል። ዓይኔ ደረቅ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ሰበታ ደወልኩ። ለቅሶዎን ተቀምጣለች አልኳቸው። ድንኳኑ የት እንደሆነም ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አትጠይቁኝ። እሺ ብለው ስልኩን ዘጉት።

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ መጡ። ነጭ ሸሚዝ እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ አዲስ ሸራ ጫማ አድርገው። ከሚገቡት ለቀስተኞች ኋላ ተሰልፈው ተራቸውን ጠበቁ። ከለቀስተኞቹ መሀል የሚያውቃቸው ሰው የለም። ሮጬ ልመልሳቸው ብዬ አንድ እርምጃ ሄድኩና ቆምኩ። እናቴ ፊት ደርሰው ጎንበስ አሉ።

"እግዜር ያጽናሽ" አሏት።

ቀና ብላ አየቻቸው። ሌላውን ሰው ከምታየው አላስረዘመችም፣ አላሳጠረችም።

"አሜን፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ዳዊት፣ ለሰውየው ቦታ ስጣቸው። ንፍሮም አቅርብላቸው።"

ሰውየው። ስጣቸው። እንግዳ ሰው በሚጠራበት አጠራር። አባቴ የሰሙ አይመስሉም፤ እንደዚያው ጎንበስ እንዳሉ ክንዳቸውን ይዤ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸው። አጠገባቸው የተቀመጠው ጎረቤታችን ሟቹን ያውቁት ነበር ወይ አላቸው።

"አንድ መርከብ ላይ ነበርን" አሉ።

"እንዴት ያለ ሰው ነበር?"

አባቴ አሰቡበት። "መልሕቅ ይጎትት ነበር" አሉ። ጎረቤታችን ነፍስ ይማር አለ።

ንፍሮውን በሰሃን አድርጌ ሰጠኋቸው። ሁለት ሦስት ባቄላ መሬት ወደቀባቸው፤ ጎንበስ ብለው ለቀሟቸው። ቀስ ብለው፣ አንድ ሳያስቀሩ በሉ። ሰሃኑን መልሰው ሲሰጡኝ "እግዜር ያጽናህ" አሉኝ።

"አሜን" አልኳቸው። ምን ልበል? ከሰው ጋር ተቀላቅለው ወጡ፤ ወደ ዋናው መንገድ ሲወርዱ አየኋቸው፣ አልጠራኋቸውም።

እንግዲህ ታሪኩ ይሄው ነው። እናቴ በሕይወት አለች፤ ሐኪሙ ከጠበቀው በላይ በርትታለች፣ ለምን እንደሆነ እሱም አላወቀም። አባቴ ሰበታ ናቸው። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። ኦቦ ገመቹ አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል፤ ስለ ላሞቻቸውና ስለ መርከባቸው እናወራለን፣ ስለ ሌላው አናነሳም።

እኔን ምን ለወጠህ ካላችሁኝ፣ ትልቅ ነገር አይደለም። የረሳሁት ሰው ካለ ትዝ ባለኝ ዕለት እሄዳለሁ። ስልኩን ሳላነሳለት የቆየሁት ጓደኛዬ ቤት እጄ ላይ ሙጫ፣ ጠጉሬ ላይ ሰጋቱራ እያለ ገብቻለሁ። ሚስቴ ቢያንስ ሸሚዝ ቀይር ትለኛለች፤ አልቀይርም። እናንተም ልብስ እስክገዛ፣ ኑሮዬ እስኪስተካከል፣ የምለው እስካገኝ ብላችሁ ያቆያችሁት በር ካለ፣ እባካችሁ እንዳላችሁ ሂዱ። ሰው በሩን ለልብሳችሁ ብሎ አልከፈተውም።

ስለ ለቅሶው ግን አንድ የቀረ ነገር አለ። አርባው ሲቃረብ የእናቴ የነፍስ አባት ቤት መጡ። የበላቸውን ፍትሐት መቼ እናድርግ፣ አርባውንስ እንዴት አሰብሽ አሏት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ምን እንደምትል ፈርቼ እዚያው ቆምኩ።

"አይ አባቴ" አለቻቸው። "እሱን ከሕያዋን ጋር ይጥሩልኝ።"

ቄሱ ግራ ገባቸው። "ድንኳን ተክለሽ ያለቀስሽለትን ሰው?"

"ያለቀስኩት ለራሴ ነው" አለች እናቴ። "እሱማ አለ፤ ብርድ ላይ ነው የሚያድረው። ጤናውን ይለምኑለት።"